ከጋሽ ካሳዬ ሱቅ ፊት የደረቁት ዛፎች

ባለቤቴ ዘሀራ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ስለ እኔ የምትለው ነገር አላት። «የኔ ባል ሻዩ ውስጥ ስኳር ካነሰበት ጎረቤት ይጠረጥራል» ትላለች። አብሬ እስቃለሁ፤ ሐሰት ነው ብዬ ግን ተከራክሬያት አላውቅም። ጠርጣራ ነኝ። ክፋት ኖሮብኝ አይደለም። አንድ ነገር ከተበላሸ ያበላሸው ሰው መኖር አለበት ብዬ ስለማምን ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ይህ እምነቴ እጄ ላይ የተሰበረበትን ሳምንት ነው።

የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ሥራዬ ዛፍ ነው። በከተማው የመናፈሻና የመንገድ ዳር ዛፎች ሠራተኛ ነኝ፤ እተክላለሁ፣ አጠጣለሁ፣ ቅርንጫፍ እገርዛለሁ፣ የሞተውን እቆርጣለሁ። ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙትን ግራቪሊያዎች ችግኝ ሳሉ ጀምሮ የማውቃቸው እኔ ነኝ። ፍየል እንዳይቀረጥፋቸው በእሾህ አጥሬ፣ ባጃጅ እንዳይገጫቸው ድንጋይ ደርድሬ ነው ያሳደግኳቸው። አድገው መንገዱን ሲያለብሱት፣ ዓሣ ገዝተው ሽቅብ የሚመለሱ ሴቶች ጥላቸው ሥር አረፍ ሲሉ ሳይ፣ የሰው ልጅ በዚህች ምድር ከዚህ በላይ ምን ይሠራል እል ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ አንደኛው ዛፍ ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ክረምቱ ጥሩ ዘንቧል፤ ስለዚህ ጥም አይደለም። ቅጠሉን አገላብጬ አየሁ፤ ተባይ የለም። ብዙ ሳይቆይ አጠገቡ ያለው ተከተለው። ቀጥሎ ደግሞ ሦስተኛው። ከእነሱ በላይና በታች ያሉት ግን ምንም አልሆኑም፤ እንደ ለመለሙ ናቸው። የሚደርቁት በአንድ ቦታ የቆሙት ብቻ ናቸው፤ ከጋሽ ካሳዬ ሱቅ ፊት ያሉት።

ይህን ጊዜ ነው ጆሮዬ የቆመው።

ጋሽ ካሳዬ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ቀለምና ሽቦ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የዛፎቹ ቅርንጫፍ ታፔላውን ስለሸፈነበት ከእኔ ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ ተነጋግረናል። «ከገጠር የሚመጣ ደንበኛ ሱቄን አያየውም፤ ቆረጥ ቆረጥ አድርግልኝ» አለኝ።

«ጋሽ ካሳዬ፣ ዛፉ ሥር ያለው ሱቅ ብለው ይንገሯቸው፤ ከዚህ የበለጠ ታፔላ ከየት ይመጣል?» አልኩት።

እሱም እየሳቀ፣ «እንግዲህ አንድ ቀን ራሱ ይወድቅልኝ ይሆናል» ብሎ ገባ። ያኔ አብሬው ስቄ ነበር። ዛፎቹ መድረቅ ሲጀምሩ ግን ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

አንድ ቀን ገና ሳይነጋጋ ተነስቼ ወረድኩ። ማዶ ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ተደብቄ ጠበቅሁ። እውነትም ብዙ ሳይቆይ የሱቁ የጎን በር ተከፈተና ጋሽ ካሳዬ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወጣ። ግራ አየ፤ ቀኝ አየ። ከዚያ በጀሪካኑ ያለውን ነገር ዛፉ ሥር ቀስ እያለ አፈሰሰና ተመልሶ ገባ።

ለዛፍ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ግራ ቀኝ አያይም። ደሜ ፈላ። እሱ ከገባ በኋላ ሄጄ አፈሩን ቆፈር ቆፈር አድርጌ አሸተትኩት። ጋዝ ጋዝ አይልም። በረኪና በረኪናም አይልም። የእርጥብ አፈር ሽታ ብቻ ነው ያለው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተመልሶ ይተኛ ነበር። እኔ ግን «ሽታ የሌለው መርዝ አግኝቷል» አልኩ።

ነገሩ የእኔ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በሌላው አገር እድር የሚባለው እኛ ዘንድ ቅሬ ነው፤ የሰፈራችን ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ይዟል። የሰፈሩ ግቢዎች ጠባብ ስለሆኑ የማንም ቤት ለቅሶ ቢሆን ድንኳኑ የሚተከለው መንገዱ ሰፋ በሚልበት ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ የጋሽ ካሳዬ ሱቅ ፊት ነው። ድንኳናችን የሚወጠረው በእነዚያ ዛፎች ነው፤ የምናለቅሰውም በእነሱ ጥላ ሥር ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ሲደርቅ የቅሬው ሰው ተቆጣ። የቅሬው ዳኛ አባ ይመርም አውጫጭኝ ጠሩ።

አውጫጭኝ ለማታውቁት፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ ቆሞ «አላደረግሁም፣ ያደረገውንም አላውቅም» ብሎ የሚምልበት ያባቶች ደንብ ነው። ያየ ሰው ያየውን መደበቅ አይችልም። በእኛ ዘንድ ጥፋቱ የተረጋገጠበት ከቅሬው ይወጣል። ከቅሬ መውጣት ማለት ቤትህ ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ሬሳ የሚያነሳልህ የለም ማለት ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዛፎቹ ሥር ተሰበሰብን። አባ ይመር ዱአ አደረጉ፤ ሁላችንም አሚን አልን። ከዚያ ሰው እየተነሳ ይምል ጀመር። ወላሂ የሚለው ወላሂ እያለ፣ ማርያምን የሚለው ማርያምን እያለ ተራው ጋሽ ካሳዬ ጋ ደረሰ። እኔ ያየሁትን ጀሪካን በአፌ ይዤ ተራዬን እጠብቃለሁ።

«ግሸን ማርያምን፣ እኔ አላደረግሁም» አለ ጋሽ ካሳዬ። ቀና ብሎ አየኝና ቀጠለ። «ግን ያየሁትን መደበቅ አይቻልም ተብሏል። ሰሞኑን ማለዳ ይሄ ሁሴን ከዛፉ ሥር አፈር ሲቆፍር በመስኮት አይቼዋለሁ። ቆፍሮም ወደ አፍንጫው አስጠጋው። የሰፈራችን ልጅ ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መልሴን ገና ሳላዘጋጅ ከሴቶቹ በኩል አንዷ፣ «ለመሆኑ የደረቀውን ዛፍ የሚቆርጠው እሱ አይደል? እንጨቱስ ወዴት ይሄዳል?» አለች። አንገት መነቅነቅ ተጀመረ። እንጨቱ ወደ መናፈሻው ግቢ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል፤ ግን በዚያች ሰዓት ማንም አላስታወሰውም። ዛፍ የምገድለው እንጨት ልሸጥ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ እኔ ራሴ እንኳን አስቤው አላውቅም፤ ቢያስቡት ግን ያስኬዳል።

«አፈሩን ያሸተትኩት እሱ ያፈሰሰውን ለማወቅ ነው!» ብዬ የጀሪካኑን ነገር ተናገርኩ።

«ውሃ ነው» አለ ጋሽ ካሳዬ።

«ውሃ ከሆነ በጨለማ ምን አስወጣዎት?»

«በቀን ባጠጣው፣ ጥፋቱ ቢከብደው ነው ትላላችኋ! እናንተን አላውቃችሁም? ታፔላዬን አስመልክቶ የተናገርኩትን ሁሉ ስትለቃቅሙት አልሰማሁም?»

እኔ አላመንኩትም። እሱም እኔን አላመነኝም። ሕዝቡ ደግሞ ሁለታችንንም አላመነንም። አባ ይመር ከዘራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ።

«እንግዲህ ሁለታችሁም በይደር ቆዩ» አሉ። «በመጪው እሑድ ዋስ ዋሳችሁን ይዛችሁ እዚሁ ትቀርባላችሁ። እውነቱ ያን ቀን ይውጣ። የዋሸው ሰው ከዚያ ወዲያ ሬሳውን ራሱ ይሸከም።»

ጋሽ ካሳዬ ፊቱ አመድ መሰለ። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እናቱ እማማ ጥሩነሽ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። ሐኪምም ወደ ቤት ይዛችኋቸው ግቡ ካለ ሰንብቷል። ቅሬ ማጣት ለእኔ ውርደት ነው፤ ለእሱ ግን እናቱን ያለ ቀባሪ ማስቀረት ነው።

ያ ሳምንት ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ይቋረጣል። የባጃጅ ሾፌሮች ወደ መጋዜ እየጠቆሙ ይሳሳቃሉ። ዘሀራ ከገበያ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች፤ ለካ አንዷ ጎረቤት «የሚሸጥ እንጨት አላችሁ አሉ?» ብላታለች። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬ መጠርጠር ምን እንደሚመስል ያን ሳምንት ነው ያወቅሁት። ቆዳህ ላይ ያልታጠበ ነገር ያለ ይመስልሃል። ተዋረድኩ። የተዋረድኩትን ያህል ደግሞ ጋሽ ካሳዬን ጠላሁት።

ሐሙስ ጠዋት ጥሩምባ ተነፋ። እማማ ጥሩነሽ ሞቱ።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ዘሀራ ሻርፗን እያጣፋች፣ «ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

«እሱ ደጅ ልሂድ? ሌባ ብሎ አዋርዶኝ?»

«አንተ ሰውዬ፣ የሞቱት እማማ ጥሩነሽ ናቸው። አባትህ ሲሞቱ ከእናትህ ጎን ሳይነሱ የሰነበቱት ማን ነበሩ? እኔ ሄጃለሁ፤ አንተ ከጥርጣሬህ ጋር ተቀመጥ።»

ሄድኩ። ግን ልቤ ንጹሕ ሆኖ ሄደ ብዬ አልዋሻችሁም። ድንኳን ሲተከል ዛፉ ላይ የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል። ወጥቼ ግንዱን ከላይ እስከ ታች እፈትሸዋለሁ፤ በመሰርሰሪያ የተበሳ ቀዳዳ አገኛለሁ፤ እሑድ ደግሞ አሳጣዋለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ለቅሶ ቤት ለስለላ የሄደ ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ ያ ሰው እኔ ነኝ።

ስደርስ ሰዎቹ ሸራውን ዘርግተው ቆመዋል። የደረቀ ዛፍ ላይ መውጣት ፈርተዋል። «እኔ እወጣለሁ» አልኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጋሽ ካሳዬ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከሱቁ ደጃፍ ቆሟል፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። እንደዚያም ሆኖ ሲያየኝ የሚያስበው ገባኝ። «መረጃውን ሊያጠፋ ነው የሚወጣው» እያለ ነው። ሁለታችንም አንድ ዛፍ ሥር ቆመን አንዳችን አንዳችንን እንሰልላለን።

መሰላል አስደግፌ ወጣሁ። አንዱ ከታች የሽቦ ጥቅል አቀበለኝ። ግንዱን በእጄ እየዳበስኩ ቀዳዳ ፈለግሁ። የለም። ሸራው የሚታሰርበት ቦታ ስደርስ ግንዱ ወገቡ በቀበቶ የታነቀ ሰው መስሏል፤ ከላይ አብጧል፣ ከታች ሰልሏል። እብጠቱን ከታች ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የተገረዘ ቅርንጫፍ ጠባሳ ነው ብዬ ነበር የማልፈው። አዲሱን ሽቦ እዚያው ላይ ላዞር እጄን ሳሳልፍ አንድ ሹል ነገር መዳፌን ወጋኝ።

ደሜን ጠርጌ አየሁ። ከቅርፊቱ ውስጥ የዛገ የሽቦ ጫፍ ብቅ ብሏል። በጉጠት የተጠመዘዘ ነው። ቢላዬን አውጥቼ ቅርፊቱን ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ሽቦው ዛፉን ዙሪያውን ይዞታል። ከእሱ በላይ ሌላ ሽቦ አለ። ከእሱም በላይ ሌላ። ቅርፊቱ አብጦ ውጧቸዋል እንጂ ሁሉም እዚያው ናቸው። አንደኛው ላይ የአረንጓዴ ሸራ ቁራጭ ተጣብቋል። የድንኳናችን ሸራ ነው።

ዛፍ ምግቡን ወደ ሥሩ የሚያወርደው በቅርፊቱ በኩል ነው። ቅርፊቱ ከታነቀ ሥሩ እየተራበ ይሄድና አንድ ቀን ዛፉ ቆሞ ይሞታል። ማንም መርዝ አላፈሰሰም። እኛ ለሞተ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ሽቦ ስናስርበት ኖረን ነው። ለቅሶ ሲያበቃ ድንኳን ቶሎ ነው የሚፈርሰው፤ ሐዘንተኛው እንዳያየው እየተባለ ሸራው በጥድፊያ ይጎተታል። ሽቦውን መፍታት የማንም ሥራ አልነበረም። እዚያው ይቀራል። ለሚቀጥለው ሟች ደግሞ አዲስ ይታሰራል።

መሰላሉ ላይ እንዳለሁ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ የሞተው በሐምሌ ነበር። ያኔ ድንኳን የሚታሰረው በገመድ ነው። ዝናቡና ንፋሱ ገመዱን በጠሰውና ሸራው በለቅሶኛው ላይ ተደረመሰ። ያን ጊዜ ጋሽ ካሳዬ በዚያ ዶፍ ውስጥ ሮጦ ሱቁን ከፍቶ አንድ ጥቅል ሽቦ አወጣ። ሒሳቡን ስጠይቀው «ለአባትህ ነው፤ አብሽር» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ ቅሬው በሽቦ ማሰር ለመደ። ከሁሉ ሥር ያለው፣ ከሁሉም የባሰ የዛገው ሽቦ የአባቴ ነው። እኔ በእሱ ተጠልዬ ሳልበሰብስ አባቴን አልቅሻለሁ።

«ሁሴን፣ ምን ነካህ? እሰረው እንጂ» አሉኝ ከታች።

እጄ ላይ ያለውን አዲስ ሽቦ አየሁት። ማሰር አቃተኝ።

«ገመድ ስጡኝ» አልኩ።

«ሽቦ ይዘህ ደግሞ ገመድ ምን ያደርግልሃል?»

«ገመድ ስጡኝ አልኳችሁ።»

ጋሽ ካሳዬ ተጠጋ። «በእናቴ ቀን የእኔን ሽቦ ተጠየፍከው? እስከዚህ ድረስ ጠላኸኝ?» አለ።

እውነቱን እዚያው መናገር እችል ነበር። ግን ሬሳው ገና ቤት ውስጥ ተኝቶ «ዛፎቹን የገደላቸው የእርስዎ ሽቦ ነው» የሚባለው እንዴት ተደርጎ ነው? «አይደለም ጋሽ ካሳዬ። እማማን እንቅበርና አሳይዎታለሁ። አብሽሩ» አልኩት። አላመነኝም። ግን አብሽሩ ስለው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የእኔም እንደዚያው። ከአንድ አህያ ጭነት ላይ ገመድ ተፈትቶ መጣልኝ፤ ከሥሩ ጨርቅ አድርጌ አሰርኩ። ከሰዓት በኋላ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ትከሻዬን አልቀየርኩም።

ቅዳሜ ጋሽ ካሳዬ ራሱ ቤቴ መጣ። አልቀመጥም አለ። «ምን ልታሳየኝ ነበር?»

ድንኳኑ እንደተነሳ ከቢሮ አስፈቅጄ የደረቀውን ዛፍ ቆርጬው ነበርና ታንቆ የነበረውን የግንዱን ክፍል አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። በመጋዝ ስለተሰነጠቀ ሽቦዎቹ ከእንጨቱ ውስጥ አንድ በአንድ ይታያሉ። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። ሽቦ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጣቱን ከሥር ባለው ላይ አሳረፈ።

«ይሄ የአባትህ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ስለዚህ እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«እርስዎ ሰጡ፣ ሌላው አሰረ፣ እኔ ተጠለልኩበት። የትኛችን እንደሆንን እኔም አላውቅም።»

ያኔ ተቀመጠ። ዘሀራ ውሃ አቀረበችለት። እኔም የጀሪካኑን ነገር አነሳሁና ይቅርታ ጠየቅሁት። «አፈሩን ቀምሰኸው ቢሆን ኖሮ ያለጥርጥር እብድ ነው ብዬ እመሰክርብህ ነበር» አለኝ። ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

እሑድ ግንዱን ተሸክመን ሁለታችን አብረን ሄድን። ሰዉ ዋሶቻችንን ሲጠብቅ እኛ እንጨት ይዘን ስንመጣ ግራ ተጋባ። ግንዱን መሐል አስቀመጥነው። አባ ይመር በከዘራቸው እያገላበጡ አዩት፤ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር አደረጉት። አንዷ ሴት የሸራውን ቁራጭ ስታይ «ውይ» አለችና አፏን ያዘች። የልጇ ለቅሶ ያለፈው በዚያ ሸራ ሥር ነበር።

ግንዱ ዞሮ ሲመለስ አባ ይመር ተነሱ። «ባለፈው እሑድ ያላደረገ ይነሳና ይማል ብዬ ሁላችሁም ተነስታችሁ ነበር» አሉ። «አሁንም ልጠይቃችሁ። ለእኔ ቤት ሟች ድንኳን በዚህ ሽቦ አልታሰረም የሚል ይነሳ።»

ማንም አልተነሳም። እሳቸውም ራሳቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ወገኖቼ፣ ይህን ያጫወትኳችሁ ከዚያ ወዲያ ጠርጣራነት ለቀቀኝ ልላችሁ አይደለም፤ ዘሀራ ትመሰክርብኛለች። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ነገር ሲበላሽብኝ ያበላሸውን ሰው ፍለጋ ከመውጣቴ በፊት እጄ ውስጥ ምን እንደያዝኩ አያለሁ። ያኔ መሰላል ላይ ሆኜ ጥፋተኛ ስፈልግ ሽቦው በእጄ ነበር። እናንተም ሰፈር ድንኳን ከዛፍ የሚታሰር ከሆነ፣ ለቅሶው ሲያልፍ አንድ ሰው ይመለስና ይፍታው። ሟቹንም አያስቀይመውም።

ቅሬያችን አሁን የብረት ምሰሶ አሠርቷል። ሽቦ ታስሮባቸው ገና ካልደረቁት ዛፎች ላይ ሽቦውን ነቅለን ሁለቱ ተርፈዋል፤ የቀበቶ ጠባሳቸው ግን አብሯቸው ያድጋል። በሞቱት ምትክ አዳዲስ ችግኞች ተክለናል። ጋሽ ካሳዬ ስለ ታፔላው መነዝነዙን አልተወም፤ እኔም አንዲት ቅርንጫፍ ገርዤለታለሁ። ችግኞቹን የሚያጠጣው እሱ ነው። ያንኑ ቢጫ ጀሪካን ይዞ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየው ይወጣል፤ ግራ ቀኝ አያይም።